ከባርኔጣው ሥር

ፍኖተ ሰላም ላይ ሲኒማ ቤት የከፈትነው እኔና ባሌ ጁማ ነን። ሌላ ሰው ነው የከፈተው የሚል ካለ እኔ ጋ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ። አዳራሹ መጀመሪያ የበርበሬ መጋዘናችን ነበር። ግድግዳውን ደጋግመን ኖራ ብንቀባውም የበርበሬው ሽታ አልለቅ አለን። ስለዚህ ሰው ፊልም እያየ ሲያለቅስ አንጀቱ ተበልቶ ይሁን በርበሬው ገብቶበት አይታወቅም። እኛን አልጎዳንም፤ "የእነ ጁማ ፊልም ያስለቅሳል" ተብሎ ዝናችን ቡሬ ድረስ ተሰማ።

መጋዘን ስለሆነ መስኮት የለውም፤ በሩን ከዘጋነው ቀትር ላይም ጨለማ ነው። በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተሩን አስነስተን እናሳያለን። ፊልሙ በሣጥን ታሽጎ በአውቶቡስ ይመጣል፣ ጥቂት ቀን ይሰነብትና በአውቶቡስ ይሄዳል። ጁማ በጣሊያን ጊዜ የካሚዮን ረዳት ሆኖ ሲዞር ጣሊያንኛ ለምዷል። ማሽኑን እያንቀሳቀሰ፣ በነጩ አቡጀዲ ላይ የሚታዩት ሰዎች የሚሉትን በአማርኛ ይጮህላችኋል። እኔ በር ላይ ነኝ። ሰካራም አላስገባም፤ ዱላ ይዞ የመጣም ዱላውን እኔ ጋ ጥሎ ነው የሚገባው። አፏ አያርፍም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

በሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ግን ነገር መጣብን። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና "ይህ ጨለማ ቤት ልጆቻችንን ሊያበላሽ ነው፣ ይዘጋ" ብለው ለወረዳው ሹም አቤት አሉ። ሹሙ የእነሱንም የእኛንም ሰምተው፣ "ቤቱ አይዘጋም፤ ግን የሚታየውንና የማይታየውን የሚለይ አንድ ዳኛ ይኑር" ብለው ቆረጡ። መጀመሪያ የተጠየቁት መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። እሳቸው "እኔ በዚያ ደጃፍ አላልፍም" አሉ፤ አለቀ። ወዲያ ወዲህ ሲባል ቆይቶ ነገሩ መምህር ገብረሰንበት ላይ ወደቀ።

መምህር ገብረሰንበት ካቶሊክ ናቸው። ትግራይ ውስጥ በሚሲዮን ቤት አድገው ተምረው፣ መንግሥት በአስተማሪነት ወደኛ የላካቸው ሰው ናቸው። ሰዉ መጀመሪያ አላመናቸውም። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ይበሉ እንደሆን ብለው ልጆች በአጥር ቀዳዳ ይሰልሏቸው ነበር። አልበሉም። እንዲያውም ከብዙዎቹ ጎረቤቶቻቸው የበለጠ ይጾሙ ነበር፤ እኔ እስላሟ ስመሰክር ለማዳላት አይደለም። ለዳኝነት የተመረጡትም በከተማው ውስጥ አክስት የላቸው፣ አበልጅ የላቸው፣ የሚያዳሉለት ሰው የላቸው ተብሎ ነው። "የሚሲዮን አባቶች ልጆች ከማየታቸው በፊት ፊልሙን ይመዝኑት ነበር፤ ሥራውን አይቻለሁ" አሉና ተቀበሉ።

ከትምህርት ቤት አሮጌ ጥቁር ሰሌዳ አምጥተው በራችን ላይ ሰቀሉ። ፍርዳቸው ሦስት ዓይነት ነው። ንጹሕ ሲሆን "ለሁሉም" ብለው በጠመኔ ይጽፋሉ። ትንሽ ነገር ካለበት "ለአዋቂ ብቻ"። ከከፋ "ለማንም አይሆንም"። ይህን የመጨረሻውን ሲጽፉ እኛ ከሰርን፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ፊልሙ በሣጥኑ ተኝቶ አውቶቡስ ይጠብቃል።

የሚፈርዱት በመጀመሪያው ቀን ፊልሙን ከሰዉ ጋር አይተው ነው፤ ከማሽኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ወንዱ ወደ ሴቲቱ ጠጋ ጠጋ ማለት ሲጀምር ያን ጥቁር ባርኔጣቸውን ያወልቁና የማሽኑ ዓይን ላይ ይደፉታል። አዳራሹ ድቅድቅ ይላል። ጁማም በእሳቸው ትእዛዝ ድምፁን ይዘጋል፣ መተርጎሙንም ይተዋል። ያኔ ጎረምሳው ያፏጫል፣ መሬቱን በእግሩ ይደበድባል፣ ያስነጥሳል። ከተማው ይህን "የባርኔጣ ሰዓት" ብሎ ሰየመው። እሳቸውም ራሳቸው ምንም አያዩም፤ በበሩ ስንጥቅ ስመለከት፣ ከማሽኑ በሚያፈተልከው ብርሃን ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ የሚጸልዩ ይመስለኛል።

እኔ በዚህ ባርኔጣ ተቃጥዬ ነበር። ጨለማ አይቶ የሚወጣ ሰው የሚሰድበው እኔን ነው። አንድ ቀን "መምህር፣ በጨለማው ሰው የሚያስበው እኮ ከሚታየው ይብሳል" ብላቸው፣ "ናዚፋ፣ አንቺ በርሽን ጠብቂ" አሉኝ። በሬን ጠበቅሁ፤ ነገሩን ግን ቂም ይዤበት ነበር።

እማዋይሽ የምትባለው ልጅ በጊቢያችን አንዲት ክፍል ተከራይታ ስምንተኛ ክፍል ትማር ነበር። የማንኩሳው ጭቃ ሹም የአቶ ይሄይስ ልጅ ናት። የሥጋ ዘመዴ አይደለችም፣ ሃይማኖታችንም አንድ አይደለም፣ ድስቷን የምትጥደውም ለብቻዋ ነው። ግን ማታ ማታ ለጁማ ጋዜጣ ስታነብለት እየሰማሁ ልቤ ውስጥ ገብታ ቀረች። ስታነብ አትቸኩልም፤ ያልገባትን ቆም ብላ ደግማ ታየዋለች። አላህ ሴት ልጅ አልሰጠኝም፤ ቢሰጠኝ እሷን እንድትመስልልኝ ነበር የምፈልገው።

አባቷ ታዲያ ፈረስ ቤት ከሚባለው አገር ላለ ሰው ሰጥተዋታል። ተስፋው ይባላል፤ በሬውም መሬቱም የሞላለት ነው ይላሉ። እሷ መልኩን አይታው አታውቅም። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው ተባለ። ይህንን የሰማች ቀን እንጀራዋን ሳትነካው አደረች። እኔም ምን ብዬ ላጽናናት፤ አጠገቧ ተቀመጥሁ።

ያ ፊልም የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የጣሊያን ነው። ሁለት ተማሪዎች፣ ወንድና ሴት፣ ከእናት ካባቶቻቸው ተደብቀው ይዋደዳሉ። ልጁ በሞተር ሳይክል እየመጣ ከትምህርት ቤት በር ላይ ይወስዳታል። እሷ ለእናቷ "ጓደኛዬ ቤት ላጠና ሄጄ ነው" ትላለች። አዳራሹ እስከ በሩ ሞልቶ ነበር፤ እማዋይሽም ከክፍሏ ልጃገረዶች ጋር ከፊት ተቀምጣለች። ወደ መጨረሻው ላይ ልጁ በመስኮት መጥቶ ይጠራታል፤ "እንሂድ፣ ዛሬውኑ እንጥፋ" ይላታል። እጇን ይይዝና ወደ ራሱ ይስባታል። ባርኔጣው ወረደ።

ያን ቀን ባርኔጣው ቆየ። መምህር መቼ እንደሚያበቃ ስላላወቁ ነው መሰለኝ፣ ሰዉ ሲጮህ ሲጮህ ቆይቶ አነሱት። ሲነሣ ልጅቷ አውቶቡስ ውስጥ ናት፤ ሻንጣዋ ጭኗ ላይ ነው፤ አውቶቡሱ ይሄዳል፤ ፊልሙ አለቀ። ገበያተኛው እርስ በርሱ እያወራ ወጣ። ጠፋች፣ አብራው ኮበለለች፣ ወላጆቿን ጉድ አደረገቻቸው አለ። መምህር በሰሌዳው ላይ "ለማንም አይሆንም" ብለው ጻፉ፤ ጠመኔውን እንዲያ ሲጫኑት አይቼ አላውቅም።

በዚያው ቀን አቶ ይሄይስ የላኩት ሰው ገበያ መጥቶ ለእማዋይሽ "ለሠርጉ ተዘጋጂ ብለውሻል" አላት። እሷ በዚያ በለስላሳ ድምፅዋ "አልሄድም ብላለች በልልኝ። ትምህርቴን እጨርሳለሁ" አለችው። መልእክተኛው ይህን ይዞ ተመለሰ፤ የፊልሙንም ወሬ ጨምሮ። የፈረንጅ ልጅ ወላጆቿን ጥላ በአውቶቡስ ከጎረምሳ ጋር ጠፋች፤ የይሄይስ ልጅም ያንን አይታ ነው አልሄድም ያለች፤ እንዲህ ተብሎ ማንኩሳ ተወራ። ማን ያቆመዋል።

ማክሰኞ ጠዋት አቶ ይሄይስ ሁለት በቅሎ ይዘው መጡ። አንዷ የራሳቸው ናት። ሁለተኛዋ በቀይ ግምጃ የተሸፈነ የሙሽራ ኮርቻ ተጭኖባታል። ያንን ሳይ የመጡበት ገባኝ። ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳይሰጡ "የጁማ ሚስት፣ ልጄን አምጪልኝ" አሉ።

"ትምህርት ቤት ናት፣ ጌታዬ። ይቀመጡ፣ ውሃ ይጠጡ።"

"አልቀመጥም። ልጄ ጎረምሳ ይዛለች ተብዬ አገር መካከል ቆሜአለሁ። ሽማግሌ ይሰብሰብ። ያ ካቶሊክ መምህርም ይምጣ። ፊደል አላውቅም፤ ግን ሰሌዳው ላይ ምን እንዳለ ገበያው ሁሉ ነግሮኛል። ለማንም አይሆንም ያለውን በአፉ ይድገምልኝና ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። ማንም ቀማኝ እንዳይል በሕግ ነው የምወስዳት።"

ሽማግሌዎቹ ለከሰዓት ተቀጠሩ። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ቅስናም ስላላቸው የአቶ ይሄይስ የነፍስ አባት ናቸው፤ እሳቸውም ተጠሩ። እኔ ነጠላዬን ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ወደ ትምህርት ቤት ገሠገሥሁ።

መምህር በባዶ ክፍል ውስጥ ደብተር ሲያርሙ አገኘኋቸው። እማዋይሽም ወሬው ደርሷት ኖሮ በሩ አጠገብ ቆማለች፤ አላለቀሰችም፤ ግን ፊቷ አመድ መስሏል።

"መምህር" አልኳቸው፣ "አንዲት ነገር ብቻ ልለምንዎ። ያን ጽሑፍ ያጥፉና 'ለሁሉም' ይበሉ። አባቷ የመጡት በእርስዎ ቃል ሊወስዷት ነው።"

"አልችልም" አሉ። ድምፃቸው አልከፋም፤ ግን አልተንቀሳቀሰም። "ሁለት ልጆች ወላጅ ሲዋሹ፣ ሲደባበቁ፣ በመስኮት ሲጠራሩ የሚያሳይ ነው። ይህን ለልጆች መልካም ነው ብዬ ብመሰክር ኅሊናዬ ይፈርድብኛል። ዋሽቼ ባድናትስ ነገ የምለውን ማን ያምናል?"

ደሜ ፈላ። "እሺ፣ አይዋሹ። በቅሎ ላይ አውጥተው ሲወስዷት መንገድ ዳር ቆመው ባርኔጣዎን ያውልቁላት።"

አጎነበሱ። እንደነካኋቸው አወቅሁ፤ አልተጸጸትሁም።

ያኔ እማዋይሽ ወደ ውስጥ ገባች። "መምህር፣ ልጠይቅዎ?" አለች። "ልጅቷ ከባርኔጣው ሥር ምን አለች?"

"አላየሁም።"

"እኔም አላየሁም። ግን ባርኔጣው ሲነሣ ፊቷን አይቼዋለሁ። የምትሸሽ ሰው ፊት አልነበረም። ልጁም አብሯት የለም። ሰው ሊሸሽ ሲያስብ ሆዱ እንዴት እንደሚሆን አውቀዋለሁ፤ እኔ ራሴ ሳስበው ነው የሰነበትሁት። ወደ ባሕር ዳር ልጠፋ ነበር። ያን ፊቷን ካየሁ በኋላ ነው ተውኩትና ለአባቴ ልኬ የነገርኩት።"

መምህር የያዙትን ቀይ እርሳስ አስቀመጡ። "የሚሲዮን አባቶች ፊልሙን መጀመሪያ ለብቻቸው ዘግተው እስከ መጨረሻው ያዩት ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ከዚያ በኋላ ነው የሚፈርዱት። እኔ ማየቱንም መከልከሉንም መፍረዱንም ባንድ ላይ አደረግሁት። ያላየሁትን ነው የፈረድሁበት።" ተነሡና ባርኔጣቸውን ከጠረጴዛው አነሱ። "ሣጥኑ አልሄደም አይደል? ዛሬ ከሰዓት ለአባትሽና ለሽማግሌዎቹ ይታያል። ባርኔጣ አይወርድም።"

እኔ ግን ፈራሁ። "ውስጡ ያለው አቶ ይሄይስ ካሰቡት የባሰ ቢሆንስ?"

"ያኔም ያየሁትን እናገራለሁ። ከዚህ ሌላ መንገድ የለኝም፣ ናዚፋ።"

እማዋይሽን አየኋት። "ይታይ" አለች። እኔ እሷን ብሆን እግሬ አውጭኝ ነበር የምለው።

ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ በራፍ ላይ ተሰበሰቡ። አቶ ይሄይስ ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ። "ልጄን ያበላሸውን እኔም ልየው ነው የምትሉኝ?" አሉ። ደግሞም "ጁማ አይተረጉምም፤ ልጅቷ የቤቱ ተከራይ ናት፣ የፈለገውን ፈጥሮ ይነግረኛል" አሉ። መምህር "እኔ እተረጉማለሁ። ፊልሙን የኮነንሁት እኔ ነኝ፤ ላስተባብልለት ምክንያት የለኝም" አሏቸው። በዚህ ተስማሙ። መሪጌታ ጥላቸውን አጥፈው ለእኔ ሰጡኝና "በዚህ ደጃፍ አላልፍም ብዬ ነበር። ዛሬ ግን ለፍርድ ነው የምገባው" አሉ። ገና እግራቸው እንደገባ አስነጠሳቸው።

በሩን ዘጋሁ። ዛሬ ውጭ አልቀረሁም፤ ከእማዋይሽ ጎን ተቀመጥሁና እጇን ያዝሁ። ከውጭ የበቅሎዎቹ ልጓም ሲቅጨለጨል ይሰማል።

ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ በፈረንጁ ከተማ ተገረሙ፤ በሞተር ሳይክሉም ትንሽ ሳቁ። ልጅቷ ለእናቷ ስትዋሽ አቶ ይሄይስ "ይኸው" አሉ ጮክ ብለው። መምህር ቃል በቃል ይተረጉማሉ፤ ውሸቷንም አላሳመሩላትም። ከዚያ መስኮቱ ጋ ደረስን። ልጁ መጣ፤ "እንሂድ፣ ዛሬውኑ እንጥፋ" አላት። እጇን ያዘ። ወደ ራሱ ሳባት። ባርኔጣው በመምህር ጉልበት ላይ ነው፤ ጣቶቻቸው ክፈፉን ጨምድደው ይዘውታል። ልማዳቸው እኮ ነው። ባርኔጣው ግን አልተነሣም።

ልጁ ሳማት። እሷም ሳመችው። ፈረንጅ ደግሞ ሲስም አይቸኩልም። ሽማግሌዎቹ አሳላቸው። አቶ ይሄይስ ብድግ አሉ፤ ጥላቸው አቡጀዲው ላይ ወደቀ። የእማዋይሽ እጅ እጄ ውስጥ ጭብጥ አለ። አለቀልን ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ።

መሪጌታ የአቶ ይሄይስን ጋቢ ጎተት አድርገው "ተቀመጥ። ክስ በመሃል አይቋረጥም" አሏቸው። ተቀመጡ።

ዓይኔን ስገልጥ ልጅቷ ከልጁ እቅፍ ወጥታለች። እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ ገፋ አድርጋዋለች። መናገር ጀመረች፤ መምህርም ተከተሏት።

"'እወድሃለሁ፤ ግን አልመጣም' አለችው" አሉ። "'በመስኮት እንደ ሻንጣ አልወጣም። እናቴን ዋሽቻታለሁ፤ ዛሬ እውነቱን እነግራታለሁ። ትምህርቴን እጨርሳለሁ። ከዚያ በኋላ በቀን፣ በዋናው በር መጥተህ ጠይቀኝ። አባቴም እናቴም ቁጭ ብለው ይስሙ። የምመልሰው ግን እኔ ነኝ።'"

ልጁ በሞተር ሳይክሉ ብቻውን ሄደ። ልጅቷ እናቷን ቀሰቀሰችና ሁሉንም ነገረቻት። እናትዮዋ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ከዚያ ተነሥታ የልጇን ሻንጣ በገዛ እጇ አሰናዳች። ውስጡ የከተተችው ልብስና የትምህርት መጻሕፍት ነው፤ ልጅቷ ሌላ ከተማ ሄዳ ልትማር ነው። በበነጋው አውቶቡስ ድረስ የሸኘቻትም እሷው ናት። ይህን ሁሉ ባርኔጣ ውጦት ነበር። ከዚያ ያችው የምናውቃት አውቶቡስ መጣች፣ አለቀ።

በሩን ከፈትሁት። ሁሉም በብርሃኑ ዓይኑን ያሻል። መምህር ቆሙ።

"ፍርዴን እሰጣለሁ" አሉ። "ውሸቱ ኃጢአት ነው፤ ልጅቷ ራሷም ብላዋለች። መሳሳሙን ልጆች ባያዩት ይሻላል፤ ነገም ብሸፍነው አላፍርም። የሸፈንሁት ግን እሱን ብቻ አይደለም። ልጅቷ በኃጢአቱ መሃል ቆማ አልፈልግም ያለችውን፣ እውነት የተናገረችውን ሸፈንሁ። በአገር የተወራው ወሬ የወጣው ከእሷ አይደለም፣ ከእኔ ባርኔጣ ሥር ነው። አቶ ይሄይስ፣ ልጅዎ ከዚህ ቤት መኮብለል አልተማረችም።" ትንሽ ቆም አሉና ቀጠሉ። "ስለ ጋብቻም ሃይማኖቴ የሚያስተምረኝን ልንገርዎ። ሙሽራዪቱ በገዛ አፏ፣ በገዛ ፈቃዷ አዎ ካላለች ጋብቻው ጋብቻ አይደለም። ጳጳስ ቢባርከው፣ ሰንጋ ቢታረድበት፣ አገር ቢጨፍርበት አይጸናም። አባትም እናትም ስለ እሷ ሆነው አዎ ሊሉላት አይችሉም።"

"የካቶሊክ ነገር ነው" አሉ አቶ ይሄይስ፤ ፊታቸውን ወደ መሪጌታ አዞሩ። "አባቴ፣ ይንገሩት እንጂ።"

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደገፉ። "የእኛም ነው" አሉ። "ሙሽሮችን ስናቆርብ ፈቅደሻል ወይ ብለን እንጠይቃለን።"

"ማን ይመልሳል?" አሉ መምህር በትሕትና።

መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እሷ መሬት መሬት ታያለች። አጠገቧ ያለው ሰው ፈቅዳለች ይላል። እኔም ሰምቼ አልፋለሁ።" በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ። "ስንት ጊዜ አልፌአለሁ።"

በእኛ በእስላሞቹም ልጅቷ ዝም ካለች እሺ ብላለች ነው የሚባለው፤ እኔም ዝም ብዬ ነው የተዳርሁት። ጁማ ደግ ሰው ሆኖ ተረፍሁ። ደግ ባይሆንስ ኖሮ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አሰብሁት።

መምህር ወደ ሰሌዳው ሄዱ። "ለማንም አይሆንም" የሚለውን በእጅጌያቸው አጠፉት። ጠመኔውን ይዘው ቆሙ። "ለሁሉም" አይሉት፣ መሳሳሙ አለ። "ለአዋቂ ብቻ" ለማለት እጃቸውን አነሱና መልሰው አወረዱት። ከዚያ አንድ ቃል ጻፉ፣ ባርኔጣቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ወደ ጎን ቆሙ።

አቶ ይሄይስ ሰሌዳውን አፍጥጠው አዩት። "ምን ብሎ ጻፈ?" አሉ። ዙሪያውን አዩና በመጨረሻ ልጃቸውን "አንቺ፣ ምንድን ነው የሚለው?" አሏት።

እማዋይሽ እጄን ለቀቀችና ወደ ሰሌዳው ቀረበች። እንደ ልማዷ ሳትቸኩል አነበበችላቸው።

"'ለአባቶች' ነው የሚለው፣ አባባ።"

አቶ ይሄይስ እንደቆሙ ቀሩ። ያቺን ቀይ ኮርቻ የተጫነባትን በቅሎ አዩ፣ ሰሌዳውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያች ጊዜ አልፈራሁም። ይመቷታል ብዬ በመሃል ልገባ አንድ እግሬን አንሥቼ ነበር።

"አንቺስ" አሉ ድምፃቸው ጎርነን ብሎ፣ "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ጠይቀዋት እንደማያውቁ ከአጠያየቃቸው ያስታውቃል፤ ቃሉ አፋቸው ላይ ተደናቅፏል።

"አልሄድም፣ አባባ። ጎረምሳ የለኝም። እማራለሁ። ስጨርስ እርስዎ ባሉበት ይጠይቁኝ፤ ያኔ እመልሳለሁ።" መሬት አላየችም። እሳቸውን ነው ያየችው።

"ለፈረስ ቤት ቃል ሰጥቻለሁ እኮ። ምን ብዬ ነው የምገባው?"

"ልጅቷን ጠየቅኋት፣ አልፈቀደችም በላቸው" አሉ መሪጌታ። "ብቻህን አትሄድም። እኔም አብሬህ እሄዳለሁ፤ እኔም የምነግራቸው አለኝ።"

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተነጋገሩም። ሽማግሌዎቹ ተበተኑ። አቶ ይሄይስ ሁለቱን በቅሎዎች ሊፈቱ ሲሄዱ ትከሻቸው ወድቆ አየሁ። ያኔ ገባኝ። ማንኩሳ ሁሉ ጠዋት ሁለት በቅሎ ይዘው ሲወጡ አይቷቸዋል። የሙሽራ ኮርቻ ባዶውን ሲመለስ መንገድ ዳር ያለው ሁሉ ይስቅባቸዋል፤ ነገ ደግሞ ያ ሳቅ ተመልሶ ልጅቷ ላይ ይወድቃል።

"ትንሽ ይቆዩኝ፣ ጌታዬ" አልሁና ጁማን ጠራሁት። ቀዩን ግምጃ ከኮርቻው ላይ ገፈፍሁና አጣጥፌ ለእማዋይሽ ሰጠኋት። "ያንቺ ነው፣ አስቀምጪው፤ ቀኑን አንቺ ታውቂዋለሽ" አልኳት። ጁማና እኔ ከጓዳ፣ ዛሬም ከምንነግደው በርበሬ ሁለት ጆንያ አወጣንና በዚያች በቅሎ ላይ ግራና ቀኝ አመቻችተን ጫንን።

አቶ ይሄይስ ቆመው ያዩኛል። "ምንድን ነው ይህ፣ የጁማ ሚስት?"

"ለእማዋይሽ እናት ነው። ሰው ከጠየቀዎ በርበሬ ልጭን ፍኖተ ሰላም ወርጄ ነበር ይበሉ።"

ገባቸው። ልጓሙን ያዙና ፊታቸውን ወደ በቅሎዋ አዞሩ፤ ወደ እኛ ግን ቶሎ አልተመለሱም። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ጉንጫቸውም ረጥቧል። በጋቢያቸው ጠረጉት።

"በርበሬሽ ዓይን ይገባል" አሉኝ።

"አዎ፣ ጌታዬ" አልኳቸው። "የእኛ በርበሬ ያስለቅሳል።"